ግድቡን ሠራን፤ መሥመሩንስ?

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ስለ አገር ፍቅር፥ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ የሚጽፉ ጓደኞች አሉኝ፤ ጽሑፋቸውንም በደስታ አነባለሁ። እኔ ግን ዘንድሮ ብዕሬን ያነሣሁት ብዙ ሰው ቀና ብሎ ስለማያየው ነገር ለመጻፍ ነው። ይኸውም ከሩቅ ወንዝ ኮረንቲ ተሸክሞ ወደ ከተማችን የሚገባው የከፍተኛ ቮልቴጅ መሥመር ነው። «ይህ የመሐንዲስ እንጂ የተማሪ ጉዳይ አይደለም» የሚለኝ ቢኖር፥ አባቴ በመርካቶ፥ በምናለሽ ተራ፥ ብረት በያጅ መሆናቸውን፥ እኔም በዚያው ሥራ ገንዘብ ደብተርና እርሳስ እየተገዛልኝ 12ኛ ክፍል መድረሴን በትሕትና አስታውሰዋለሁ። ኮረንቲው ሲደክም የእኛም ቤት ይደክማል።

ወደ ምናለሽ ተራ የሚሄድ ሰው ተራውን ከማየቱ በፊት ድምፁን ይሰማል። መዶሻው ከጧት እስከ ማታ አያርፍም። አሮጌው በርሜል የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የተቀደደው ላሜራ ባልዲ ይሆናል፤ ከፈረሰ ቤት የመጣው ፌሮ ተቃንቶ እንደገና ቤት ይሠራበታል። አባቴ «በዚህ ተራ የሚሞት ብረት የለም» ይላሉ። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ጥበብ የተንጠለጠለው በሽቦ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ መርካቶ በሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን የመበየጃው እሳት ይደክማል፤ ኤሌክትሮዱም ብረቱን በማቅለጥ ፈንታ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ያን ጊዜ አባቴ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ሽቦውን ያዩና «ዛሬም ምሳውን አልበላም» ይላሉ። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚያልቀው ሰው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ከሄደ በኋላ፥ ኮረንቲው ሲበረታ ነው። እኔም ብረቱን ደግፌ ይዤ ያመሸሁበት፥ በማግሥቱም ትምህርት ቤት ገብቼ ያንቀላፋሁበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ በተራችን የነበረውን ደስታ አልረሳውም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረቱ ድንጋይ ከተጣለ ጀምሮ ነጋዴው ቦንድ ገዝቷል፤ ሠራተኛው ከደመወዙ አዋጥቷል፤ ተማሪውም ከኪሱ የቻለውን ሰጥቷል። አባቴም የገዙትን የቦንድ ወረቀት በጨርቅ ጠቅልለው ከሣጥናቸው ሥር አስቀምጠውታል። የግድቡ ኃይል 5,150 ሜጋ ዋት ነው ሲባል መዶሻ ሁሉ ለአፍታ ቆሞ እልልታ ሆነ። የበዓሉ ሰሞን ካለፈ በኋላ ግን፥ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፥ እሳቱ እንደ ወትሮው ደከመ። አብሮን የሚሠራው ልጅ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ብሎ ተረተ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አባቴ ግን አልሳቁም። «ላሚቱስ አለች፤ ምን እንደ ጎደለ አንተ ተማሪው ጠይቀህ ንገረን» አሉኝ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለአባቴ የምሰጠው መልስ ነው።

የፊዚክስ መምህራችንን ብጠይቃቸው ጠመኔ አንሥተው በሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ረዥም መሥመር ሣሉ። ከሕዳሴው ግድብ የሚነሣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት፥ በዴዴሳ በኩል፥ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሆለታ ይደርሳል። ከዚያ ቮልቴጁ እየተቀነሰ ወደ ከተማይቱ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ይገባል፤ ከጣቢያው በ15 ኪሎ ቮልት ወደ የሰፈሩ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በሰፈሩ ትራንስፎርመር 380 እና 220 ቮልት ሆኖ ወደ ሱቃችን ይደርሳል። መምህራችን «ይህ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ዘለበት ቢጠብ ወይም ቢያረጅ የሌሎቹ መበርታት አይጠቅምም» አሉኝ። ስለዚህ የአባቴ እሳት የሚደክመው በዚህኛው ዘለበት ብቻ ነው ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሊሆን ይችላል፤ ከጣቢያው የሚመጣው ሽቦም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሰፈሩን ብቻ አድሰን የላይኛውን ብንተወው፥ የቤት ቧንቧ ቀይሮ የሰፈሩን ዋና ቧንቧ እንደ ረሳ ሰው መሆናችን ነው።

የላይኛው መሥመር ለምን እንደሚጠብ ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም፤ የብረት ሠራተኛ ልጅ መሆን ይበቃል። ሽቦ ኮረንቲ ሲሸከም ይሞቃል፤ ሙቀቱም በመንገድ የቀረ ኃይል ነው። በሽቦው የሚያልፈው ኮረንቲ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የጋለ ሽቦ ደግሞ እንደማንኛውም የጋለ ብረት ይረዝማል፤ በሁለት ምሰሶ መካከልም ወደ ምድር ይረግባል። ስለዚህ አንድ መሥመር ከታሰበለት በላይ ቢጫን ኃይል ከማባከኑም በላይ ለዛፍ፥ ለቤትና ለሰው አደጋ ይሆናል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ግን ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚያስፈልገው ኮረንቲ ያንሳል። በ132 ኪሎ ቮልት ይሄድ የነበረው ኃይል በ230 ቢሄድ፥ በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። አሮጌ መሥመር ማሻሻል ማለትም እንግዲህ ይህ ነው፤ ሽቦውን የበለጠ ሙቀት በሚችል ሽቦ መቀየር፥ ወይም ምሰሶውንና ሽቦውን የሚያንጠለጥለውን ሲኒ ለከፍተኛ ቮልቴጅ በሚስማማ አድርጎ መሥራት፥ በጣቢያዎቹም ትልልቅ ትራንስፎርመር መትከል ነው።

ከተማችን በዚህ በኩል የረዥም ዘመን ታሪክ አላት። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ የቀድሞ ባለውለታዋ ነው፤ ኃይሉም 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። ቀጥሎም በ1952 ዓ.ም. ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ፤ ኃይሉም 43.2 ሜጋ ዋት ሆኖ በ132 ኪሎ ቮልት መሥመር ወደ አዲስ አበባ መጣ። በዚያ ጊዜ ይህ እጅግ ብዙ ነበር። ዛሬ የሕዳሴው ግድብ ብቻውን ከቆቃ ከመቶ ጊዜ በላይ ይበልጣል። በመካከሉም ፊንጫ፥ መልካ ዋከና፥ የግልገል ጊቤ ግድቦች፥ ጣና በለስና ጊቤ 3ኛ እየተከታተሉ መጡ። ታላላቆቹ መሥመሮችም ከተማይቱን ከብበዋታል፤ በሰሜን ሱሉልታ፥ በምዕራብ ሆለታ፥ በደቡብ ምዕራብ ሰበታ፥ በደቡብ አቃቂ ደርሰዋል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን እንግዳው ከደጅ ደርሶ በሩ ጠባብ ቢሆን ምን ይጠቅማል? ከደጃፉ ወደ መሐል ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የቀድሞ ዘመን መሥመሮችና ጣቢያዎች፥ በኋላ ከታከሉት ጋር ጎን ለጎን ሆነው፥ ዛሬም ይደክማሉ። ሸክሙ ግን የቀድሞው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ እንኳ አዲስ አበባ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። መርካቶን ራሷን ተመልከቱ። በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደዚህ ተዛወረ። ዛሬ በዚያው መሬት ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ አሳንሰሩ፥ የውሃ መሳቢያው፥ የልብስ ስፌቱ፥ የእንጀራው ምጣድ ሁሉ በኮረንቲ ነው። መሬቱ አልሰፋም፤ በላዩ ያለው ሸክም ግን በዝቷል።

አንዳንድ ሰው «አሮጌ ቢሆንስ ምን አለበት? እስከ ዛሬ ሠርቷል፤ ነገም ይሠራል» ይላል። ለዚህ ሰው በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ የደረሰውን ልንገረው። በዚያ በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተሠራ የከፍተኛ ቮልቴጅ መሥመር ነበር። ሲኒውን በምሰሶው ላይ የሚያንጠለጥለው የብረት መንጠቆ ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በነፋስ ሲወዛወዝ፥ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ፥ ቀስ በቀስ ተበላ። ጥቅምት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ተሰበረ። ሽቦው ምሰሶውን ነካ፤ ፍንጣሪው በደረቅ ሣር ላይ ወደቀ። በዚያ ቃጠሎ 85 ሰዎች ሞቱ፤ ፓራዳይዝ የተባለችው ከተማ በአንድ ቀን ዐመድ ሆነች። ያቺ ከተማ የተቃጠለችው ሀብታም በሆነ አገር ነው። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «ብረት ሲያረጅ አይጮህም፤ ሄደህ ማየት አለብህ» አሉ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ያየን የመርካቶ ልጆችም፥ መነሻው ምንም ይሁን ምን፥ እሳት በሱቅና በሱቅ መካከል እንዴት እንደሚሮጥ እናውቃለን።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ስለ መሥመር ስናወራ ጣታችንን ሁልጊዜ ወደ መንግሥት እንቀስራለን። እኛስ?

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው በጋሪ ብረት ጭኖ ወደ ሱቃችን መጣ። ብረቱ ዚንክ የተነከረ አንግል ብረት ነበር፤ ጫፍና ጫፉ ለብሎን በልክ የተበሳ፥ ቁጥርና ፊደልም የታተመበት ነው። አባቴ አንዱን አንሥተው አገላብጠው አዩት፤ በአውራ ጣታቸውም ቁጥሩን ዳሰሱት። ከዚያም «ወንድሜ፥ ይህ ብረት ባለቤት አለው፤ ውሰድልኝ» ብለው መለሱለት። ሰውየው ምንም ሳይናገር ጋሪውን ገፍቶ ሄደ። ማታ ሱቅ ስንዘጋ ያንኑ ጋሪ ባዶውን ሲመለስ አየሁት። ማን እንደ ገዛው አላውቅም።

የከፍተኛ ቮልቴጅ መሥመር ምሰሶዎች አካል እየተፈታ እንደሚሰረቅ፥ ምሰሶም በዚህ ምክንያት እንደሚወድቅ በየጊዜው በዜና የምንሰማው ነው። ታዲያ የሚፈታ ሰው ያለው የሚገዛ ሰው ስላለ አይደለምን? ያን ማታ በመንገድ ላይ «አባባ፥ ለምን ለፖሊስ አልተናገሩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፥ አንተ ነገ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ፤ እኔ ግን ነገም እዚሁ ተራ እውላለሁ» አሉኝ። በአባቴ ላይ ልፈርድ አልችልም፤ እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን መልሱ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ቦንድ የገዛ እጅና ምሰሶ የገዛ እጅ በአንድ ተራ ጎን ለጎን ይውላሉ። ከወዲያ በሚሊዮን ብር አዲስ ምሰሶ እየተተከለ ከወዲህ በኪሎ እየተመዘነ ቢሸጥ፥ ይህ ማሻሻል ሳይሆን በተቀደደ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእኔ አሳብ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፥ ለአዲስ ግድብ የምንሰጠውን ክብር ያህል ለአሮጌው መሥመር እንስጥ። ግድብ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ያረጀ ሽቦ ሲቀየር ግን የሚያጨበጭብ የለም። ስለዚህ እድሳቱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይገፋል። በየዓመቱ የትኛው መሥመርና የትኛው ጣቢያ እንደሚታደስ፥ ምን ያህሉም እንደ ተፈጸመ ለሕዝብ ቢነገር፥ ሕዝቡም እንደ ግድቡ ይከታተለው ነበር። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የኮረንቲ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ በ4 ዓመት ውስጥ እንዲስተካከል ተወስኗል። አባቴ ይህን ጭማሪ ይከፍላሉ፤ ሌላውም ይከፍላል። የሚከፍል ሰው ገንዘቡ የትኛውን ሽቦ እንደ ቀየረ ቢጠይቅ ነውር አይሆንበትም።

ሁለተኛ፥ እኛ የመርካቶ ሰዎች ጨለማ እንለምን! ይህ አነጋገር ሊያስቅ ይችላል፤ ነገር ግን አስቡት። ሽቦ ለመቀየር መሥመሩ መጥፋት አለበት፤ መሥመሩ ሲጠፋም ሸክሙን ሌላ መሥመር መሸከም አለበት። ሌላው መሥመር ራሱ ሞልቶ ከሆነ የአንዳንዱ ሰፈር መብራት ሳይጠፋ ሥራው አይሠራም። ነጋዴው ግን «ዛሬ አታጥፉብኝ» ይላል፤ ነገም እንዲሁ ይላል። በዚህ ምክንያት ሥራው ሲዘገይ፥ ጨለማው ሳንጠራው፥ ገበያው በደመቀበት ሰዓት ይመጣል። ቀን ተቈርጦለት የሚመጣ ጨለማ ሳይታሰብ ከሚመጣው ይሻላል። እሑድ ቀን አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ ሌሊትም እንዲሁ። ሥራው ከክረምት በፊት፥ በበጋ፥ በነዚህ ሰዓቶች ይሁን፤ የሚጠፋበትም ቀንና ሰዓት በየተራው አስቀድሞ ይነገር። የተነገረውም ሰዓት ይከበር። ይህ ከተደረገ ነጋዴው ያጉረመርማል እንጂ አይቃወምም ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ፥ ከመሥመር በታች ያለው መሬት ይከበር። ቮልቴጁ ከፍ ሲል መሥመሩ የሚፈልገው ባዶ ስፍራ ይሰፋል። በዚያ ቤት ሠርቶ የሚኖር ድኻ ግን በጥጋብ አይደለም የሠራው። ስለዚህ ተነሡ የሚባሉ ሰዎች አስቀድሞ ተነግሯቸው፥ ተገቢውን ካሣና መኖሪያ አግኝተው ይነሡ። በእነርሱ እንባ የሚበራ መብራት ለእኛ ደስታ አይሰጥም። በስፍራው ላይ አዲስ ቤት እንዳይሠራ መጠበቁ ደግሞ ካሣ ከመክፈል ይቀላል።

አራተኛ፥ የየተራችን ዕድር አንድ ደንብ ያውጣ። ዕድራችን ለለቅሶ ድንኳን ይተክላል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ያጠፋ አባል ይቀጣል። ፖሊስ የማይደርስበት ስፍራ ዕድር ይደርሳል። እንግዲያስ «ዚንክ የተነከረ፥ ለብሎን የተበሳ፥ ቁጥር የታተመበት ብረት ያለ ማስረጃ የገዛ አባል ይቀጣል» ብሎ ቢወስን፥ ለፖሊስ የሚናገረው አንድ ሰው ሳይሆን ተራው በሙሉ ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ይፈራል፤ ማኅበር ግን አይፈራም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለውም ለዚህ ነው።

«ተማሪ ምን ያውቃል?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ መሥመር ዘርግቼ አላውቅም። ነገር ግን የደከመ እሳት ፊት ቆሜ ብረት ይዤ አምሽቻለሁ፤ ያም ትምህርት ነው። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት የታመመን ነገር ሁሉ ይመለከታል፤ ሽቦንም ይመለከታል።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት ለአባቴ በሱቃችን ውስጥ አነበብሁላቸው። ስለ ጋሪው ብረት የጻፍሁት ስፍራ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ በአጠገባችን ሰው ነበረና። ሲያልቅ «አባባ፥ ስለ ብረቱ ያልሁትን ላውጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልስ ሳይሰጡኝ አንድ ምድጃ በይደው ጨረሱ። ከዚያም መነጽራቸውን አወለቁና «አታውጣው» አሉኝ። «ለዕድሩም አንድ ቅጂ ጻፍልኝ፤ በወሩ ስብሰባ እኔው ራሴ አነበዋለሁ።»

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ከእናንተ መካከል ነገ መሐንዲስ የሚሆን፥ ነጋዴ የሚሆን፥ ሹም የሚሆን አለ። ያን ጊዜ ወደ ሩቁ ግድብ ስትመለከቱ፥ ከግድቡ እስከ ምናለሽ ተራ ያለውን ሽቦም ቀና ብላችሁ እዩ።